በለቅሶ ድንኳን ስለተሰበሰበው ፈቃዳችን

ለተከበሩ የማማ ተከላ ፈቃድ አስተባባሪ
ባሉበት

ጤናዎና የቤተሰብዎ ሰላም እንደተጠበቀ ይሁን፣ የቢሮዎ መስኮትም ምንም ወደማይጋርደው ሰማይ የሚከፈት ይሁንልዎ እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ ከቀጨኔ ዳገት፣ ከአንድ ጉድጓድ አጠገብ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጽፍልዎታለሁ። ጉድጓዱን ያውቁታል። የፈቀዱት እርስዎ ነዎት። ከጎረቤቴ ከወይዘሮ አፀደ መኝታ ቤት ግድግዳ አራት እርምጃ ይርቃል፤ ሰኞ ኮንክሪት ይፈስበታል፣ ከዚያም የኔትወርክ ማማ ይቆምበታል ተብለናል።

፩. ነዋሪውን ስላማከሩ እናመሰግናለን። ባለፈው ወር የወይዘሮ አፀደ ባለቤት አቶ ሲላስ ዐርፈው በድንኳን ተቀምጠን ሳለ፣ የቢሮዎ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ በየአግዳሚው ዞረ። እኛ የእድር ሰዎች ነን፤ በለቅሶ ላይ ወረቀት ሲዞር መገኘታችንን ለማስመዝገብ እንፈርማለን እንጂ ርዕሱን አናነብም። አንገታችንን ደፍተን ፈረምን። የእድራችን አባል ያልሆነችው ባለሱቋ ጀዊሪያ እንኳ መምጣቷ እንዲታወቅላት ፈረመች። አርባ አንድ ሰው፣ ሳያውቀው፣ በማማው ተስማማ። እንዲህ ያለ ጸጥታ የሰፈነበት የሕዝብ ውይይት በሰፈራችን ተደርጎ አያውቅም።

፪. ስለ ንባብዎ ጥንቃቄም እንዲሁ። ለአቤቱታችን በሰጡት መልስ፣ አንዲት የቅርብ ጎረቤት እንዳልፈረሙ፣ ተቃውሞ ስላላቀረቡ ግን እንደተስማሙ መቆጠራቸውን ገልጸውልናል። ልክ ነዎት፣ ወይዘሮ አፀደ አልፈረሙም። ኀዘንተኛ በገዛ ድንኳኗ መገኘቷን አታስመዘግብም።

፫. ይህን በቁጥር እንዴት እንደማስቀምጠው አላውቅም። ማማው ገና የለም። እኛ ግን በጉድጓዱ በኩል ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ ጀምረናል። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ወይዘሮ አፀደ የሌለውን ነገር ጥላ ያዩታል። በዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ይገባል ይላሉ፤ አቶ ሲላስ ይተኙበት በነበረው በኩል ይጋደማል። ሳቅሁ። በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ሄጄ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ምንም አላየሁም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያንን የአልጋ ጎን ሳልነካ፣ ዞሬ መውጣቴ ትዝ አለኝ።

፬. ማማ ይጎዳል አልልም። አላውቅም። የሚያውቅ ሰው መጥቶ እንዲያስረዳን ሁለት ጊዜ ጠይቀን፣ ባለሙያው መስክ ወጥተዋል ስለተባልን እናመሰግናለን። መስኩ የት እንደሆነ አልተነገረንም። የእኛ ሰፈር ከሆነ አላየናቸውም።

ኔትወርክ አንጠላም፤ ለቅሶም የምንጠራራው በስልክ ነው። የምንለምነው ደንብ ነው። ማማ ከመኖሪያ ቤት ስንት ሜትር መራቅ እንዳለበት የሚወስን፣ ፈቃድ በስብሰባ፣ ርዕሱ ጮክ ተብሎ ተነቦ እንዲጠየቅ የሚያስገድድ፣ ዝምታን እሺታ የማያደርግ ደንብ። እርሱ እስኪወጣ የሰኞው ሥራ ይቁም። አርባ አንዳችንም ፊርማችንን ማንሳታችንን የሚገልጸው ማመልከቻ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ይህኛውን አንብበን ነው የፈረምነው።

ለደጅዎ ካለን ልማድና ለማኅተምዎ ካለን ፍርሃት ከሚመነጭ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣

ሐመልማል ለሊሳ
ከፈራሚዎቹ አሥራ ሰባተኛዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ አፀደ ሰኞ ከቤታቸው አይወጡም። ኮንክሪት የሚያፈሱት ሠራተኞች ውኃ ቢጠማቸው ያንኳኩ፣ ይሰጧቸዋል። እርስዎም ከመጡ በሩ ክፍት ነው፤ ብቻ ስለ ማማው ከማንሳትዎ በፊት እግዜር ያጥናዎት ይበሏቸው። ወረቀትዎ ለቅሶ ደርሷል፤ እርስዎ ግን ገና አልደረሱም።