አውራ ጣቴን ከጦር ሠራዊትዎ ስለማሰናበት

ይድረስ ለክቡር ማርሻል ልሳነወርቅ፣
የነፃይቱ ሰንበሌጥ አምባ የመከላከያ ላዕላይ ምክር ቤት ሊቀ መንበር፣
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዝመንት (ምድር ቤት)።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በተለይ ትከሻዎ ባለፈው እሑድ አንድ ኮከብ ስለተጨመረበት እንዳያጎብጥዎ ስሠጋ ሰንብቻለሁ። እኔ ከአስፐን ሂል እስከ ሥራዬ በሁለት አውቶቡስ የምመላለስ የፓርኪንግ ሠራተኛ ብሆንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ትከሻዬ ባዶ ስለሆነ ወገቤም ቀጥ ያለ ነው።

ይህን ማን ጻፈለት ብለው ኮሚቴ እንዳያቋቁሙ፣ የጻፍሁት እኔው ዓብዩ ነኝ። በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ሪቨርዴል ፓርክ ባለው የማታ የፊደል ትምህርት፣ በመምህርት የወይንሐረግ እጅ፣ በስምንት ወር ውስጥ ፊደል ጨርሼ አንደኛ ወጥቻለሁ። እርግጥ ተማሪዎቹ አራት ነን፤ አንዷም በፈተናው ዕለት ታማ ቀርታለች። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው፤ እርስዎስ ማርሻል የሆኑት ከስንት ተወዳዳሪ መካከል እንደሆነ መቼ ጠየቅሁ? ዛሬ የዕድር ደንብ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የበርበሬ ከረጢት ሳይቀር አነባለሁ፤ የሚያስቆመኝ የለም። እናም አንድ ቀን ማንም ያነብበዋል ብላችሁ ያልጠረጠራችሁትን አነበብሁ፤ ዊተን ካለ ሱቅ በር ላይ በነፃ የተደረደረውን «የነፃይቱ ሰንበሌጥ አምባ የመከላከያ ቅድሚያዎች» የተሰኘውን ባለ ሰባ ሁለት ገጽ ሰነድዎን። ከየመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስቀመጥሁ በሦስት ሳምንት ፈጽሜዋለሁ። ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይቅረብና እንወዳደር።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለማያውቁን አንባቢዎች ላስረዳ። ሰንበሌጥ አምባ የተወለድንባት ወረዳ ናት፤ አንድ ወንዝ፣ አራት ገበያ፣ ዙሪያዋ ገደል። ከቅርቡ ባሕር የሃያ ሁለት ቀን የእግር መንገድ ትርቃለች። የዛሬ ስድስት ዓመት እዚህ ባሕር ማዶ፣ በክቡርነትዎ ቤዝመንት ውስጥ፣ ነዋሪዎቿ ሳይሰሙ፣ አገር ሆናለች።

በሰባ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከፊርማዎች ሁሉ መጨረሻ፣ አንድ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አገኘሁ። ከሥሩ «ሻለቃ ዓብዩ፣ የሰፊው ሕዝብ ተወካይና የምልመላ አዛዥ» ይላል። ጣቴን አውጥቼ አስተያየሁት፤ በልጅነቴ ማጭድ የቆረጠኝ ጠባሳ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሻለቃ ሆኜ የሰው መኪና ሳቆም የነገረኝ አንድ ሰው አለመኖሩ!

ኋላ ትዝ አለኝ። ለቅሶ ቤት ነበርን፤ የዕድሩ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሁሉም ሲፈርም እኔ እንደ ልማዴ ጣቴን አጠቀስሁ። ጸሐፊዎ ኮሎኔል ብርሃነመስቀል ከመዝገቡ ሥር ሌላ ወረቀት ሳብ አድርጎ «ጋሼ ዓብዩ፣ እቺም ላይ ጫን ያርጓት» አለኝ። ድንኳን ይሆናል፣ ወንበር ይሆናል ብዬ ጫን አደረግኋት። ለቅሶ ቤት የቀረበ ወረቀት አይመረመርም፤ ነውር ነው። ለቀብር የሰጠሁት ጣት ለጦርነት ዋለ። መንገዱ አንድ ስለሆነ ብዙም አልተሳሳታችሁ ይሆናል።

እንግዲህ አቤቱታዬን መምህርቴ እንዳስተማረችኝ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሹመት። ሰነዱ አርባ ሦስት መኮንኖችን በስም ይዘረዝራል፤ ተራ ወታደር ግን አንድም የለበትም። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ወታደር የሌለው ጦር ማን ያሸንፈዋል? ከአርባ ሦስቱ መካከል ጥይት በጆሮዬ ሥር ሲያልፍ የሰማሁት እኔ ብቻ መሆኔን በትሕትና አስታውሳለሁ። በጉብዝናዬ ከገበያ ታፍሼ ሦስት ዓመት በቅሎ ስጭን ኖሬያለሁና፣ ስለ ጦርነት ከእኔ ይልቅ በቅሎዎቹ ያውቃሉ፤ ከእናንተ ይልቅ ግን እኔ አውቃለሁ። ድሮን ስላለው ብቻ የአየር ኃይል አዛዥ የተባለውን የሠርግ ቪዲዮ አንሺ በተመለከተ ቅናት የለብኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ባሕር ኃይል። ቅድሚያ ቁጥር አንድ ባሕር ኃይል ሆኖ ከገጽ ሦስት እስከ ገጽ ሠላሳ አንድ ተንጣልሏል። አድሚራል ኢዛና ዊተን ውስጥ መኪና ማጠቢያ ስላላቸው ከሁላችንም ይልቅ ለውኃ ቅርብ መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን ያቺ ወንዛችን ከጥር ጀምሮ ፍየል ኮቴዋ ሳይርስ የምትሻገራት ናት። የመርከበኞች ልብስ ነጭ ይሁን ወይስ ሰማያዊ በሚል አሌክሳንድሪያ፣ ወንዝ ዳር ባለ ምግብ ቤት፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ መክራችሁ «ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ጥለት ያለው» ላይ መድረሳችሁንም አንብቤ ተደንቄያለሁ። እኔ በዘመቻ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን በባዶ እግሬ ሄጃለሁ። ስለዚህ «ጫማ» የሚለውን ቃል በዚሁ በአውራ ጣቴ እየተከተልሁ ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ። የለም። «መልሕቅ» ዘጠኝ ጊዜ አለ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጠቅላይ መምሪያው። የጦር ካርታው ከልብስ ማጠቢያ ማሽንዎ በላይ ተሰቅሏል፤ ማሽኑ ሲሽከረከር ግንባሩ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሠራዊታችን እስካሁን ያደረገው እንቅስቃሴ ይኸው ስለሆነ ማሽኑ ማዕረግ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ።

አራተኛ። እዚህ ላይ ቀልዴን ለጥቂት መስመር አስቀምጣለሁ።

በውሳኔ ቁጥር ሰባት ላይ እያንዳንዱ የሰንበሌጥ አምባ ቤተሰብ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለ አንድ ልጁን እንዲሰጥ አዛችኋል፤ ያዘዘውም የምልመላ አዛዡ ነው፤ ያውም እኔ። ገጹን ከነአሻራዬ ፎቶ አንሥታችሁ በስልክ ሰደዳችሁት፤ የእናንተ ሰዎችም አባዝተው በየገበያው አዞሩት። ማክሰኞ ዕለት ሺፍት ላይ እያለሁ እህቴ እታለማሁ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ ጣትህ መጣ» አለችኝ። «አጎትህ ፈርሞልሃል ብለው ነህምያን መዝግበውታል። እሱም አጎቴ ያለ ምክንያት አይፈርምም ብሎ ሻንጣውን አስሯል። ሰኞ ተነሡ ተብለዋል። እውነት አንተ ነህ?»

ነህምያ አንድ ልጇ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ገበያው ዳር በአንድ የስፌት መኪና የተማሪዎች ዩኒፎርም ይሰፋል። «ጣቱ የኔ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ አይደለም» አልኋት። «ጣትና ቃል ደግሞ መቼ ተለያየ?» አለችኝ። ከኋላዬ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፤ እኔ፣ በአንደበቱ ተሸንፎ የማያውቀው ዓብዩ፣ የአንዱን ሰው ቁልፍ ለሌላው ሰጠሁ።

ክቡር ማርሻል፣ እኔ ታፍሼ የሄድሁ ጊዜ ለእናቴ «አለሁ» ብዬ የምልክላት አንዲት መስመር አልነበረችኝም፤ መጻፍ አልችልም ነበር። ሦስት ዓመት ጠብቃ ተስፋዋ ሲቆረጥ ተዝካሬን አወጣች። ስመለስ ለራሴ ተዝካር በታረደው በሬ ቆዳ ላይ ነው የተኛሁት። ቆዳው አሁንም ይታወሰኛል፤ ይቆረቁራል። የእርስዎን ሰነድ የጻፈው ሰው እንዲህ ያለ መኝታ አይቶ እንደማያውቅ ገና ከመጀመሪያው ገጽ አውቄያለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ምስጋና ማቅረብ ይገባኛል። «የምክር ቤቱ አባላት ልጆች በትምህርት ላይ ስለሆኑና የአገሩን ቋንቋ ስለማይችሉ ከግዳጁ ነፃ ናቸው» ይላል። ግሩም ነው፤ ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ሞት በምን ቋንቋ ይነገረዋል? ልጅዎን አዶኒያስን ከፓርኪንጋችን ሲወጣ ሲገባ አየዋለሁ፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ደረቱ በር ያህላል። ባለፈው ስለ ሠራዊታችን ብጠይቀው «ዋት አርሚ፣ አንክል?» አለኝ፤ የምን ጦር ማለቱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው። ዝመት ብለውት ቢሆን ቀድሜ የምጮኽለት እኔ ነበርሁ። ለነህምያም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እናንተ ግን የአገሩን ቋንቋ ስለሚችል ብቻ ነፈጋችሁት።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ ጉባኤው ሲከፈት፣ ከመዝሙሩ በኋላና ከሹመቱ በፊት፣ ይህ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች እንዲነበብ፣ አውራ ጣቴም ከሠራዊትዎ በክብር እንዲሰናበት አመለክታለሁ። የሚያነብብ ሰው ካጣችሁ እኔ እመጣለሁ፤ ድምፄ ጥሩ ነው፤ መምህርቴም መስክራለች።

ከትከሻዎ ኮከቦች በታች፣ ከልብስ ማጠቢያዎ ግን እምብዛም ሳልርቅ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤

ሳያውቅ የተሾመው፣ አውቆ የተሻረው፣
የቀድሞ ሻለቃ፣ የዛሬ አንባቢ፣
ዓብዩ
(ያለ ቀለም ሳጥን፣ በገዛ እጄ የተፈረመ)

ማስታወሻ፤ እሑድን መጠበቅ አልቻልሁም። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያ ገበያው ሳይበተን፣ እታለማሁ ስልኳን ድምፅ ማጉያ ላይ አስጠግታልኝ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝን ለሕዝቡ አንብቤያለሁ፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብዬ። አንዲት አሮጊት «እስቲ ድገመው» አሉ፤ ሦስተኛ ደገምሁት። ልጁን የሚሰጥ ጠፍቶ የሰኞው ጉዞ ቀርቷል፤ ነህምያም ሻንጣውን ፈትቶ ወደ ስፌት መኪናው ተመልሷል። የባሕር ኃይሉን ልብስ፣ ነጩን ባለ ሰማያዊ ጥለቱን፣ ሊሰፋላችሁ ፈቃደኛ ነው። ያስቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሳይለካ አይሰፋም። አርባ ሁለታችሁም ለመለካት ራሳችሁ ኑ ብሏል።