ኩታዬ ከደመቀች ነጠላ ጋር የታሰረ ዕለት

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ይመኙሻል፣ እነዋሪ።

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ዓይንዎስ? ይህን የሚያነቡልዎ መርጌታ ገብረ ጻድቅ ናቸውና፣ አደራ መርጌታ፣ ቀስ እያሉ ያንብቡላቸው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ። ሰው ነው የራበኝ።

አሊዩ አምባ ላይ ዳኛ ሆኜ ከተሾምኩ ይኸው ሰባት ወር ሆነኝ። ነጋሪት ተመታ፣ አዋጅ ተነገረ፤ እኔም ዋርካ ሥር ምንጣፍ አስነጥፌ ተቀመጥኩ። የመጣ የለም። የተጣላ ሁሉ የአገሩ ሽማግሌ ወደሆኑት ወደ ሼህ ሙዘይን ይሄዳል፤ እሳቸው ሹመትም ነጋሪትም የላቸው። እኔን እጅ ነስተው ያልፉኛል። ራቴን ብቻዬን ስበላ ያጎርሰኝ የነበረ እጅዎ ትዝ ይለኛል። አንኮበር ያሉት ሿሚዬም እስከ ገና ችሎትህ ካልቆመ ተሽረህ ትገባለህ ብለው ላኩብኝ። አልዋሽዎትም፣ በልቤ ደስ አለኝ። ለጥምቀት እመጣለሁ ብዬ የላክሁብዎ ለዚህ ነበር።

በኅዳር ግን በቅሎዬ ገመዷን በጥሳ ደመቀች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ማሽላ ውስጥ ገባች። ሴትዮዋ ገበያ መካከል መጥታ ኩታዬን ጨመደደች። «በሕግ አምላክ ቁም! ዳኛው አንተ ነህ፤ አንተን ለማን ልክሰስ?» አለችኝ። ሎሌዬ ዱላ ሲያነሣ ተው አልኩት። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል ብሎ አባቴ አሳድጎኝ የለ? የነጠላዋን ጫፍ ከኩታዬ ጫፍ ቋጠረችው። እንደማንም ባለጉዳይ ተቆራኝተን፣ ገበያው ሁሉ እያየን፣ ወደ ሼህ ሙዘይን ሄድን። አፈርኩ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቋጠሮውን ግን አልፈታሁትም።

ተረታሁ። አዝመራዋ እስኪገባ በቅሎዬ እህሏን ታመላልስ ተባለ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይባል የለ፤ እኔም ይሁን ብዬ ልጓሟን አስረከብኩ።

በሚቀጥለው ገበያ ሁለት ሰዎች ተቆራኝተው ዋርካዬ ሥር ቆሙ። ዓይኔን አላመንኩም። በሳምንቱ አምስት ጉዳይ መጣ። ባለፈው ገበያማ ሼህ ሙዘይን ራሳቸው፣ በድንበር ከተጣሉት ከእህታቸው ልጅ ጋር ተቆራኝተው መጡ።

በቅሎዬ ትናንት ተመለሰች፤ ወፍራለች። ኮርቻዋን ጭኜ ዳገቱን ሳየው ቆየሁና መልሼ አወረድኩት። ቀጠሮ የሰጠኋቸው ሰዎች አሉ፤ ሼህ ሙዘይንም አሉበት። እናቴ ሆይ፣ ለጥምቀት አልመጣም። ማንም ሳይፈልገኝ ወደ እርስዎ ልመጣ ነበር፤ አሁን ፈለጉኝና ቀረሁብዎ።

እህቴን አልታየችን፣ ባሏን ይርጋለምን፣ ትንሿን መነንን ይሳሙልኝ። ለእኔ ብለው የሚጠነስሱትን ጠላ መርጌታ ይጠጡልኝ፤ የምቀመጥባትን መደብ ግን ሰው አያስቀምጡባት።

ልጅዎ ወልደተንሣኤ

አሊዩ አምባ፣ ታኅሣሥ ፳፩ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት ተጻፈ።