ስድስተኛው ጆከር

አዳማ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለቤዚ፣
ጅቡቲ

የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ደረጃ ካልወጣሁ በቀር አያስቸግረኝም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጅቡቲ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር ጋዲሳ ነው። «ጋሼ፣ ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳቀብኝ። ስልክ ላይ ወሬ ለውጬ እንደማመልጥ የሚያውቅ ሰው ስላለ ነው። በወረቀት የምጽፍልሽ ስለተረታሁ ነው፤ በካርታ። አትደንግጪ፣ በገንዘብ አይደለም። መተሐራ ላይ ደመወዜን በቁማር ጨርሼ የገባሁ ዕለት ለእናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የማልኩትን መሐላ እስከ ዛሬ አላፈረስኩም።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ላይ፣ የጎረቤታችን የነጋሳ እናት በዘጠና ስንት ዓመታቸው ያረፉ ጊዜ ነው። እንደ ልማዳችን ሐዘንተኛውን ለማጫወት ዕድሩ ድንኳን ውስጥ ካርታ ተዘረጋ። አንድ ሰው ጎደለን። ወይዘሮ በላይነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጣች፤ ያቺ ከኛ ሁለት በር አልፎ የምትኖረው፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበረችው፣ ባሏ የሞተባት።

«ካርታ ያውቃሉ እንዴ?» አልኳት።

«እርስዎስ ያውቃሉ?» አለችኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ስትዘርረኝ ከረመች።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ የሳሊህ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በረንዳ ላይ እንጫወታለን። ሳሊህ ካርታ አይነካም፤ ዳኛችን ነው። «ወላሂ፣ እናንተን ሳይ ደንበኛዬ ፍሬን ሸራ ጠይቆኝ ሻማ ሰጠሁት» ይላል።

ቤዚዬ፣ አሁን የከበደኝ ቦታ ደረስኩ። በመስቀል ማግስት እንድታገባኝ ጠየቅኳት። «ልጆቻችን ሳያውቁ እሺም እምቢም አልልም» አለችኝ። እሷም አንድ ልጅ አላት፣ ኪዳነወልድ፤ መልካሳ ምርምር ጣቢያ ይሠራል። የአንዳችሁ «አይሆንም» ከመጣ ነገሩ እዚያው እንዲቀር ተስማማን። ግን ማን ቀድሞ ይናገር? ሁለታችንም ፈራን። በመጨረሻ «ካርታው ይፍረደን፤ የተረታ አስቀድሞ ለልጁ በእጁ ይጽፋል» አልን።

እዚህ ላይ ነው ያባትሽ ጉድ። ለማሸነፍ ብዬ አንድ ጆከር ከቤት ይዤ ሄድኩ። የት ደበቅኩት? ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ! ማንም አይፈትሸውማ። ጨዋታው መሐል «ጥቂት ልጸልይ» ብዬ መጽሐፉን ገለጥ አደረግኩና ጆከሩን ወደ እጄ አሳለፍኩት። ወዲያው ካርታዬን ዘረጋሁ፤ ሦስት ጆከር። እሷም እየሳቀች የራሷን ዘረጋች፤ ሦስት ጆከር።

ሳሊህ አጎንብሶ ቆጠረ። «ጋሽ ገሠሠ፣ በሁለት ካርታ ውስጥ ያለው ጆከር አራት ነው። ይኼ ስድስት ነው። የተቀረውን ማን ወለደው?»

«አቶ ገሠሠ ሲጸልዩ ጆከር ይወርድላቸዋል» አለች በላይነሽ።

«ያንቺስ እትዬ?» አላት ሳሊህ።

የነጠላዋን ጥለት እያፍተለተለች «እኔማ ሳልጸልይ ነው የወረደልኝ» አለች። የሱቁ ደንበኞች ሳይቀሩ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ከሳቅሁ በኋላ መጽሐፉን ሳየው ፊቴ ተቃጠለ።

ሳሊህ ኪሴን ዳበሰ፤ ነጠላዋን አስራገፋት፤ መጽሐፌንም ተቀብሎ በክብር መደርደሪያ ላይ አኖረው። ካርታውን ራሱ በወዘ፣ እንደገና ታደለ። ተረታሁ።

ለንስሐ አባቴ ስለ መጽሐፉ በማግስቱ ነገርኳቸው። ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሊሸፍኑ ሞከሩና «አርባ ስግደት» አሉኝ። ጉልበቴን ያመመኝ እሱ ነው እንጂ ደረጃውስ ምን አለው።

ሌላ ደግሞ ለእሳቸውም፣ ለበላይነሽም ያልነገርኩት አለ። በሁለተኛው ጨዋታ ዘግቼ የማሸንፍበት ካርታ እጄ ገብቶ ነበር። ዘርግቼው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሳልጽፍልሽ እቀመጥ ነበር። ቀና ስል በላይነሽ ካርታዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ በሹክሹክታ ትጸልያለች። ያንኑ ካርታ ጣልኩት፤ አንሥታ ዘጋችበት። ለእሷ አዝኜ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር። ራሴን ስመረምር ግን እንደዚያ አይደለም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ «ብቻህን እንዴት ነህ አባ?» ስትዪኝ «ደኅና ነኝ» እያልኩ ስዋሽሽ ኖሬያለሁ፤ ውሸቱ ሰለቸኝ።

የእናትሽ ፎቶ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። በላይነሽም አይታው «እዚያው ይኑር» ብላለች።

መልስሽን ለጋዲሳ ስጪው። እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም። በሄድሽበት ሁሉ እመብርሃን ትከተልሽ፤ እንጀራሽን አብዝታ፣ እግርሽን ከእንቅፋት ጠብቃ ለዓይኔ ታብቃሽ።

አባትሽ
ገሠሠ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በላይነሽ ይህን እንዳታነብ ፖስታውን በሙጫ አሽጌዋለሁ። «ሆን ብሎ ጥሎልኝ ነው ወይ የረታሁት?» ብላ ብትጠይቅሽ «አላውቅም» በያት።