እብነ በረድ የለበሰው እንጨቴ

ሰኞ

ቋቅ አለኝ። ጋሼ ጌታቸው እንጨቴን ስቲከር ሊያለብሱት ነው። እብነ በረድ የሚመስል፣ የሚያብለጨልጭ ጥቅል ላስቲክ! የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸውና አይሆንም የሚላቸው የለም። "ፈረንጅ አገር ድረስ መጥተን የእንጨት ቤት?" አሉኝ። እንጨትማ ጎጆ ነው ይላሉ።

የመመረቂያ ፕሮጀክቴ እኮ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ትምህርት ቤቴ ወርክሾፕ ተቆርጦ፣ ግድግዳው በትራክ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በግማሽ ቀን የሚገጣጠም የእንጨት ዳስ። ለልደታ የድሮ ቅዱሳት ሥዕሎች ይታዩበታል። እሁድ ፕሮፌሰሬ መጥታ ግሬድ ታደርገዋለች። የምታየው መጋጠሚያዎቹን ነው፤ ምስማር የለውም፣ እንጨት እንጨትን ነክሶ ነው የሚቆመው። ከተሸፈነ ምኑን ልታይ? ከወደቅኩ ደግሞ ዘንድሮ አልመረቅም።

ማክሰኞ

ወርክሾፕ ዋልኩ። አብሮኝ የሚሠራው ብራያን ሌላ ጣጣ አመጣ። ጣሪያው እንደ ጎጆ ሾጠጥ ቢልስ አለኝ፤ ያንቺ ከልቸር ነው ብሎ። እኔ ያደግኩት አፓርትመንት አራተኛ ፎቅ ላይ! አንዱ በጎጆ ያፍርብኛል፣ ሌላው ጎጆ ካልሆንሽ ይለኛል። ሁለቱም አንገሸገሹኝ።

መቃኖቹን የተልባ ዘይት ቀባሁ። ሽታው ልብሴ ላይ ቀረ። ባቡር ውስጥ አንዷ ከአጠገቤ ተነሥታ ሄደች።

ሐሙስ

እማዬን፣ ጋሼ ጌታቸውን አነጋግሪልኝ ብላት፣ ትልቅ ሰው አይነካም ብላ ገሠጸችኝ። ራሴ ኮል አደረግኩላቸው። አንቱ እያልኩ፣ በትሕትና። "እሺ ልጄ፣ እናያለን" አሉ። የኛ ሰው እናያለን ካለ አለቀ፣ ደቀቀ።

ቅዳሜ

ቆመ! አንዲት መጋጠሚያ ብቻ እምቢ ብላ በመዶሻ ለመንኳት። ብራያን እንኳ ጎጆውን ረስቶ ዙሪያውን እየዞረ አየው።

ምሳ በልቼ ስመለስ ጋሼ ጌታቸው መሰላል ላይ ናቸው። ለጥፈው ለጥፈው መቃኑን ሳያስቀሩ ጨርሰዋል። የሆቴል ሽንት ቤት መሰለ። አማረበት አይደል አሉኝ። አዎ አልኩ። አዎ! ራሴን ተጸየፍኩት።

እሁድ

ፕሮፌሰሬ መጥታ ላስቲኩን አየች፤ ካሜራዋን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እንባዬ መጣ። ያኔ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ጫማቸውን አውልቀው ደረሱ። ውስጥ የእመቤታችን ሥዕል አለና እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መቃኑን ሊሳለሙ ጠጋ አሉ። ቆም አሉ። በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

"ጌታቸው፣ ላስቲክ ልታስመኝ ነው?"

ከሥሩ ዘይቱ ስላልደረቀ ላስቲኩ አልያዘም ኖሮ፣ አንዴ ሲስቡት ተላጠ። እንጨቱን ሳሙት። ቀና ሲሉ ከንፈራቸውና አፍንጫቸው በቅባት ወዝቷል። ክው አልኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ መቃን እየሳምኩ አድጌ፣ ሰው እንደሚስመው እንዴት ይረሳኛል? የተልባ ዘይት ነው፣ ይቅርታ እትዬ አልኳቸው።

"ተልባ ከሆነማ ለጨጓራዬ ነው" ብለው ገቡ።

ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። ጋሼ ጌታቸው መሰላላቸውን መልሰው አምጥተው፣ እያጉረመረሙ ላስቲኩን ይልጡት ጀመር። ፕሮፌሰሬ ከሥር ከሥራቸው እየሄደች መጋጠሚያዎቹን ፎቶ ታነሳለች። ምን እንደምትሰጠኝ አልነገረችኝም። ልጠይቃትም ጊዜ አልነበረኝም፤ የሚቀጥለው ከንፈር ሳይደርስ መቃኑን በጨርቅ ስወለውል ዋልኩ።