አስቀድመው ይጠይቁ የነበሩት አቶ ማቴዎስ ደበሌ (1924–1982 ዓ.ም.)

አቶ ማቴዎስ ደበሌ ከአባታቸው ከአቶ ደበሌ ሀሜሶ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወርቄ ዳንጊሶ በ1924 ዓ.ም. ይርጋለም አቅራቢያ ተወለዱ። በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ሲማሩ፣ መምህራቸው «ከጻፈው ያወራው ይበልጣል» ብለው ካርዳቸው ላይ ማስፈራቸውን ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

በ1953 ዓ.ም. አዋሳ መጥተው መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ሆኑ። አውቶቡስ ሲዘገይ በአማርኛም በሲዳምኛም ስለሚያወጉ፣ ወጉ ሳያልቅ አውቶቡሱ በመምጣቱ የሚናደድ መንገደኛ እንደነበር ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ። በ1955 ዓ.ም. ከወ/ሮ ታቢታ ሽበሺ ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

እኚህ ነገር ዐዋቂ ሰው ግን አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስተዋል፤ ይህ እንዳይደበቅ አደራ ያሉትም ራሳቸው ናቸው። በ1970 ዓ.ም. የጎረቤታቸው የወ/ሮ እህተማርያም ልጅ ይልማ በምሥራቅ ጦር ግንባር ወደቀ። ወሬው በደረሰ ዕለት ሽማግሌዎች መርዶውን በማግስቱ ማለዳ ሊነግሩ ተስማሙ። አቶ ማቴዎስ ሞቱን ቢሰሙም ሥራ ላይ ስለነበሩ ይህን ስምምነት አልሰሙም። በዚያው ቀን ወ/ሮ እህተማርያምን ጥቁር ለብሰው ፒያሳ ላይ ሲያገኟቸው ተነግሯቸዋል ብለው፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ይልማ የአገር ልጅ ነበር» አሏቸው። ጥቁሩን የለበሱት ግን ለአክስታቸው ነበር። ይቅርታ ሊጠይቁ ቢሄዱ «የልጄን መርዶ መንገድ ላይ፣ ብቻዬን ነገሩኝ» ብቻ ብለው ሸኟቸው።

ከዚያ ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት መርዶ በመጣ ቁጥር ቀበሌያችን የሚጠራው እሳቸውን ነበር። ማለዳ ይሄዳሉ። ዘመድ ግራና ቀኝ መቀመጡን አይተው «ምን ሰምተዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሟቹን ከልጅነቱ ጀምረው ያወሳሉ፤ ክፉው ቃል የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ወሬ እግር አላጣም፤ ሰው ነው ያጣው» ይሉ ነበር። ወ/ሮ እህተማርያም ይህን ሁሉ ዐሥራ ሁለት ዓመት አዩ። ሰላምታ አልነፈጓቸውም፤ ይቅርታውን ግን ከአፋቸው አላወጡትም። አባታችንን እስከ መጨረሻው ያሳሰባቸው ይኸው ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሐኪም ቤት ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው ቅዳሜ ኅዳር 2 ቀን 1982 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው የማግስቱን ስንቅ ሊያዘጋጁና ሊያድሩ ታቦር ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሄደው ነበር። መርዶውን ማን ይንገር ሲባል ሁላችንም ተያየን።

ትናንት ማለዳ በራችንን ያንኳኩት ወ/ሮ እህተማርያም ናቸው። ሁለት ጎረቤቶች ግራና ቀኝ አስቀምጠው «ታቢታ፣ ከሐኪም ቤት ምን ሰማሽ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም ከይርጋለም ጀምረው መናኸሪያውን አወሱ፤ የ1970ውንም አልዘለሉትም። «መንገድ ላይ መርዶ የነገሩኝ እሳቸው ነበሩ። እንዲህ ቁጭ ብሎ መንገርን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ይቅር ካልኳቸው ቆይቷል፤ ለራሳቸው ሳልነግራቸው ዘገየሁ» አሉ። እናታችን ቀሪውን መስማት አላስፈለጋቸውም።

አቶ ማቴዎስ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ታቢታን፣ ልጆቻቸውን ጽጌሬዳን፣ ታምሩንና አሰፋን ትተው ሄደዋል። ጌታ ነፍሳቸውን በመንግሥቱ በሰላም ይቀበልልን፤ ለእኛም ይቅርታን በጊዜው የሚናገር አንደበት ይስጠን።