አልመታም ያለው ጠመንጃ

ጥቅምት 3፣ ጠዋት

ዛሬም አልመታሁም። የጀሪካን ክዳን ካቡ ላይ አስቀምጬ፣ ድንጋይ ተደግፌ ተኮስኩ። አንደኛው ወደ ግራ። ሁለተኛው ወደ ላይ። ሦስተኛውን አላህ ይወቀው። ክዳኑ እንደተቀመጠ ነው። ጢሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። በመጀመሪያው ቀን የተለበለበው ቅንድቤም ገና አልበቀለም።

ለማን ልንገር፣ ማስታወሻዬ? የአያቴ ጠመንጃ በአፈሙዙ ነው የሚጎርሰው። ባሩድ ይፈስበታል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እርሳስ ይገባበታል፣ በዘንግ ይጎሰጎሳል፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕሱል ይደረግበታል። አንዴ ለመተኮስ ይሄ ሁሉ። የድንች ማሳችንን የሚያጠፋው ከርከሮ ግን እስክጨርስ አይጠብቀኝም። የቀበሌው ሊቀመንበር ፈቃድ ስጠይቀው ሳቀ። እሱን እንደ መሣሪያ አንቆጥረውም፣ ስትተኩሺ ብቻ ለጎረቤት ተናገሪ አለኝ።

ጥቅምት 5

ከርከሮው ድንቹን ከገደሉ በኩል ገልብጦታል። የነከሰውን ነክሶ የቀረውን ረግጦት ሄዷል።

ሰይድ ደወለ። ወንድሜ፤ መካነ ሰላም ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ነገሩ ያው ነው፦ መሬቱን እናከራየው፣ አባዬን እኔ ጋ ልውሰዳቸው፣ አንቺ ወደ ቤሩት ተመለሺ። ደላላ አግኝቶልኛል። ጠመንጃውን ለጌጥ ስቀይው አለ። ዘጋሁበት። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ቤት ስጠርግ ይሄን ማሳ ነበር የማስበው። ድንቹ ካልወጣ ግን ምን መልስ አለኝ?

ጥቅምት 6

የአባዬ ዓይን በሞራ ከተጋረደ ቆየ፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ በተኩሱ ድምፅ ይፈርዳሉ። ዛሬ ባሩድ አብዝተሻል አሉ። በመስፈሪያው ሁልጊዜ እኩል ስፈሪ፣ እንደ ወጥ ጨው በእጅሽ አትበትኚ። ተናደድኩ። እውነታቸውን መሆኑ ደግሞ ባሰብኝ።

ጨርቁም ስስ ነው አሉ። አሮጌ ሽርጣቸውን ቀድጄ በበግ ጮማ አሸሁት። እርሳሱ ጠበቅ ብሎ ገባ። አንደኛው ክዳኑን ሊነካው ምንም አልቀረው። ደስ አለኝ። ሁለተኛው ራቀ። ሦስተኛው መንገድ ላይ ተቀረቀረ፤ ወደ ውስጥ ስገፋ ከሰዓቱ አለቀ። ጥላሸቱ ነው አሉ አባዬ፤ በየተኩሱ መሃል በእርጥብ ጨርቅ ካልጠረግሽው ይጠብባል።

ለምን ቀድመው አልነገሩኝም? ትጠርጊያለሽ ብዬ ነዋ፣ አሉ። ያን ሁሉ ዓመት ጠርጌ ጠርጌ ይሄ ቀረኝ።

ጥቅምት 9

ዝናብ። በጥቅምት። ከርከሮው ካቡ ሥር መጣ፤ ከዚህ የቀረበ ቀን የለም። ቃታ ሳብኩ። ካፕሱሉ ጮኸ፣ ባሩዱ ዝም። አፈሙዙን ወደ ገደሉ አዙሬ ጠበቅሁ። ምንም። ባሩዱን ክፍት ትቼው አድሬ ኖሯል፣ እርጥበት ገብቶታል።

ከርከሮው ቀና ብሎ አየኝ። ጅራቱን እንደ ዘንግ አቁሞ በዝግታ ሄደ። አለቀስኩ። ከአንተ ከማስታወሻዬ በቀር ማንም አላወቀም።

ጥቅምት 11፣ ከሰዓት



ከርከሮው ከካቡ ማዶ ሲሮጥ ተከትዬ ተኮስኩ። ሳትኩ። እርሳሱ ድንጋይ ነክቶ ዞረና የጋሼ አሰፋን የንብ ቀፎ በረቀሰው። ጎረቤታችን ናቸው፣ ከአባዬ ጋር ያደጉ። ንቡ ወጣ፣ በቅሏቸው ተነድፋ ገመዷን በጥሳ ጠፋች። ሰው አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እሳቸው ከቀፎው ብዙም ሳይርቁ ጎንበስ ብለው ባቄላ ይነቅሉ ነበር። ቀና ቢሉስ?

መጡ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ዘሃራ፣ ልጄ፣ ከርከሮው ያለው አንቺ ማሳ ላይ ነው። እኔ ምን አደረግኩ?»

አባዬ ግድግዳ እየዳበሱ ተነሱ።

«አሰፋ፣ አውፍ በለን፣ ይቅር በለን።»

ጋሼ አሰፋ ለአባዬ ሲሉ ይሁን አሉ። እኔን ግን ሳያዩኝ ወጡ። ጠመንጃውን ቆጡ ላይ ወረወርኩት። በቃኝ።

ጥቅምት 12

አልተኮስኩም። እህልም አልወረደልኝ። ደላላው ደወለ፤ አነሳሁለት። ፓስፖርትሽ አልተቃጠለም፣ ጊዜው አላለፈም አይደል አለኝ። አልተቃጠለም አልኩት።

ጥቅምት 14

አባዬ ጠመንጃውን አምጪ አሉ። አላመጣም አልኩ። እጃቸውን ዘረጉ። አመጣሁት። ባሩድም እርሳስም የለው፣ ካፕሱል ብቻ። ከኋላዬ ተቀምጠው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ሳብኩ።

«ሸሸሽ» አሉ።

አልሸሸሁም አልኩ። ደገምኩ።

«ጣትሽ ሳይስብ ትከሻሽ ሄደ። ዓይንሽንም ጨፍነሻል።»

ዓይኔን በምን አዩት ብዬ ጮኽኩባቸው። እንደገና ሳብኩ፤ አሁን ራሴን እየጠበቅሁ። ጨፍኛለሁ። ቅንድቤን ካቃጠለኝ ቀን ጀምሮ ስጨፍን ኖሬያለሁ ማለት ነው። ባሩዱንም ጨርቁንም ስወቅስ።

እንደ ዛሬ ጠመንጃ አይደለም አሉ። ከሳብሽ በኋላ እርሳሱ እስኪወጣ ትንሽ ይቆያል፤ አንቺም ጢሱ እስኪነሳ ዒላማው ላይ ቆዪ። ካፕሱሉ ሊያልቅ ነው ስላቸው፣ ይለቅ አሉ። ትከሻዬ ከእጃቸው ሥር ጸጥ እስኪል ደጋገምነው። እኔ ደከመኝ፣ እሳቸው አልደከሙም።

ጥቅምት 17

ጋሼ አሰፋን አስፈቅጄ፣ ወደ ገደሉ ብቻ ዞሬ። አሮጌ ሳንቃ ላይ በከሰል ምልክት አደረግኩ። ሰፈርኩ፣ ጎሰጎስኩ፣ ተኮስኩ፣ ጠረግኩ። ሦስቴ። ዓይኔ ሳይጨፈን።

ሳንቃውን ተሸክሜ ለአባዬ አመጣሁላቸው። ጣታቸውን ይዤ አንዱ ቀዳዳ ላይ አሳረፍኩት። ሌሎቹን ራሳቸው ዳብሰው አገኙ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉበት፤ ሦስቱም ሥሩ ገቡ። ማታ፣ ሳንቃውን መኝታዬ አጠገብ አቁሚልኝ አሉ።

ለሰይድ ነገርኩት። ዕድል ነው አለ።

ጥቅምት 20፣ ጠዋት

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ጤዛ። መጣ፣ ከገደሉ ጫፍ፣ ያው ትልቁ። ከበስተኋላው ገደል ብቻ መሆኑን አየሁ። ተንበርክኮ መቆፈር ጀመረ። ሳብኩ። ጢሱ እስኪነሳ አልተነቃነቅሁም።

ወድቋል።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ቆሜ ቀረሁ። ትልቅ ነው፣ ያስፈራል፣ ደግሞም ያሳዝናል።

ሬሳውን የሚነካልኝ ጠፋ። እስላሙም ክርስቲያኑም ከሩቅ ያያል። በመጨረሻ ጋሼ አሰፋ ገመድና ዶማ ይዘው መጡ። እኔ እቆፍራለሁ አልኩ። ዶማውን አልሰጡኝም። አብረን ጎትተን ቀበርነው። ከዚያ፣ የእኔንስ ማሳ ልትጠብቂ መቼ ትመጫለሽ አሉኝ።

ጥቅምት 20፣ አመሻሽ

ዛሬ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ ሌሎች ሁለት ቆመዋል። ጅራታቸውን አቁመው። ሲበዙ እንጂ ሲያልቁ አላይም።

ሰይድ ደወለ። ደላላው መልስ ይፈልጋል፣ ነገ እደውልለታለሁ አለ። አትደውል አልኩት። መሬቱንም ለማንም አናከራይም። አባዬም የትም አይሄዱም። ከርከሮውን ሁሉ በስንት ጊዜ ልትጨርሺው ነው እያለ ገና ሲጮህ አባዬ ከውስጥ ተጣሩ፤ ባሩዱን ክደኚ፣ ደመና ሸትቶኛል አሉ። ስልኩን ሳልዘጋ ተነስቼ ባሩዱን ከደንኩ።