ተሰባሪ ነው ብዬ ጽፌ ነበር

ሚያዝያ 24

የጠዋት ፈረቃ። የኮምቦልቻ ሙቀት አያድርስ ነው። ክር ማጠንጠኛው ማሽን ሁለት ጊዜ ቆመ፣ ሁለቱም ጊዜ በእኔ ተላከከ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ራሴም አላመንኩ።

ከሥራ ስወጣ የእማን ኢንሱሊን ላክሁ። ስኳሯ ያለ እሱ አይሆንላትም፣ እሷ ያለችበት ቢስቲማ ደግሞ ከጠፋ ወራት ሆነው። እስካሁን እኔው ነበርኩ ይዤላት የምሄደው። አሁን ግን ፋብሪካው ትእዛዝ በዝቶበት እሁድንም ያሠራናል። አለቃዬ "ለአረፋ ፈቃድ ከፈለግሽ እስከዚያ አንድ ቀን እንዳትቀሪ" ብሎኛል። አምና አረፋን ያለ እኔ ነው ያሳለፈችው። ዘንድሮ እንኳን…

ስለዚህ በዕቃ መላኪያው ቢሮ ይሁን አልኩ። ሦስት ብልቃጥ። በፎጣ ጠቀለልኩ፣ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ፣ በአራቱም ጎንና በክዳኑ ላይ በቀይ እስኪብርቶ "ተሰባሪ" ብዬ ጻፍሁ። ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል? ታናሽ እህቴ ኩኩ ሐይቅ ካለው ቅርንጫፋቸው ትቀበላለች።

ሚያዝያ 27

ኩኩ ደወለች። ገና ድምጿን ስሰማ አወቅሁ።

"ራቢያ፣ ካርቶኑ እርጥብ ነው።"

"ምን ማለት ነው እርጥብ?"

"እርጥብ ነዋ! ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል።"

ሁለቱ ተሰብረዋል። አንዷ ብቻ ተርፋለች። የብረት አልጋ ተጭኖበት ነው አሉ የመጣው። ያስረከበቻት ሴት ይህን ስትነግራት ትስቅ ነበር። ትስቅ ነበር!

የተረፈችው ብልቃጥ ለሃያ ቀን ትበቃለች። እማ እንዳትሰማ ልላት ስል እማ ከጎኗ ኖራለች። "አብሽሪ በያት" ስትል ይሰማኛል። ሁልጊዜ አብሽሪ። እኔ እንዴት ነው የማልጨነቀው?

ሚያዝያ 28

ቢሮው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ወንድምአገኘሁ የሚባለው ነው። ከደብተሩ ቀና አላለም።

"ተሰባሪ ብዬ ጽፌ ነበር። በአምስት ቦታ!"

"አይተነዋል እህቴ። ጫኞቹ ይቸኩላሉ።"

ይቸኩላሉ! ጮህኩ። ሰው ተሰበሰበ። ይባስ ብሎ "መድኃኒት መሆኑን መች ነገርሽን? ብትነግሪን አንቀበልም ነበር። ማቀዝቀዣ የለን፣ በዚህ ሙቀት…" ብሎ ሊያስተምረኝ ጀመረ።

አላስጨረስኩትም። "ስለ ሙቀት ማን ጠየቀህ? የማወራህ ስለ ስብራት ነው! ወሬ አታስቀይር!" አልኩት። "የሰው እናት ገዳዮች" አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ "ሌላ አምጪ፣ እኔ ራሴ አስቀምጠዋለሁ" አለኝ።

ስወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ግን ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ግንቦት 1

ደሴ ወጥቼ ሌላ ሦስት ብልቃጥ ገዛሁ። ወንድምአገኘሁ ካርቶኑን ከእጄ ተቀበለ። "ተሰባሪ" የሚለውን አይቶ በራሱ እስኪብርቶ ከሥሩ አሰመረበት። እስኪ እናያለን።

ግንቦት 6

ሐይቅ አልደረሰም። ኩኩ ሁለት ቀን ተመላልሳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ግንቦት 9

ኩታበር ነው አሉ። ኩታበር! ደሴ ላይ ሲያወርዱ ከኩታበር ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ… አሁን ደግሞ ኩታበር ሲጠየቅ "ደሴ መልሰነዋል"፣ ደሴ ሲጠየቅ "አላየንም"። ወንድምአገኘሁ "እያፈላለግን ነው" ይላል። ዛሬ ለመጮህም አቅም አጣሁ። ፈረቃ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት።

ግንቦት 12

ከእማ ጋር አወራሁ። ድምጿ ደህና ነው። ስለ አረፋ ብቻ ነው የምታወራው። በጉን ማን እንደሚያርድ፣ እኔ የትኛውን ቀሚስ እንደምለብስ…

"እማ፣ መድኃኒትሽ ስንት ቀን ቀረው?"

"የመድኃኒቱን ነገር ተይውና በጊዜ ድረሽልኝ። አምና በር በር ሳይ ነው የዋልኩት።"

አምስት ቀን ነው የቀረው። ኩኩ ነግራኛለች።

ራሴ ይዤ ልሂድ? ከቀረሁ የአረፋ ፈቃድ የለም። ሄጄ ባደርስላት "ለአረፋስ?" ትለኛለች። ምን እንደሚሻል ጠፋኝ።

ግንቦት 14

ተገላገልኩ!

ትናንት ደሴ ወጥቼ እንደገና ገዛሁ። ዛሬ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ በጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። የቢስቲማው ቅጥቅጥ ሾፌር ጋሼ ዘካሪያ የአባቴ ወዳጅ ነበር። እስከ ዛሬ ምን ነካኝ? ሰው እያለ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት!

ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ አልጋው፣ ስለ ኩታበር። ራሱን ነቀነቀ። "ዕቃን ለማያውቅሽ ሰው ትሰጫለሽ? እኔ እያለሁ?"

"አፉ ይበሉኝ ጋሼ። ብርጭቆ ነው፣ እንዳይሰበርብኝ ብቻ። አደራ።"

"አብሽሪ ልጄ። ከዓይኔ ሥር አይጠፋም።"

ከጎኑ ሞተሩ ላይ ጋቢውን አጥፎ አነጠፈ፣ ካርቶኑን መሐሉ አስቀመጠ፣ በቀሪው ሸፈነው። ሕፃን የሚያስተኛ ነው የሚመስለው። አንድ ሰውዬ ሞተሩ ላይ ልቀመጥ ቢለው "ዛሬ ሰው አይቀመጥበትም፣ አደራ አለብኝ" ብሎ መለሰው። እንባዬ መጣ። ዱዓ አደረግሁለት።

ማታ ኩኩ ደወለች። "አንዷም አልተሰነጠቀችም!" እርጥብ አሸዋ ያለበት ገንቦ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። አልሐምዱሊላህ። ዛሬ እንቅልፍ አለ።

ግንቦት 20

እማን ውኃ ጥም ይዟታል አለች ኩኩ። ውኃ ሽንትም ያመላልሳታል። ከእሁድ ጀምሮ አዲሱን ነው የምትወጋት፣ አንድ ቀን አልዘለለችም።

ስልኩን ለእማ አስሰጥቼ ተቆጣኋት። "ምን በልተሽ ነው? ተምር ነው አይደል? ማር ነው?"

"ወላሂ ምንም አልበላሁም ልጄ።"

አላመንኳትም። ለአረፋ የተገዛው ተምር ቤት ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።

ግንቦት 22

ብሷል። ከኩኩ ጋር ተጣላን። "በደንብ ትወጊያታለሽ? መጠኑን ታያለሽ?" አልኳት። አለቀሰች። "አንቺ ነይና ውጊያት" አለችኝ። ትክክሏን ነው።

ደሴ ሆስፒታል ውሰጃት ብያት ነበር። እማ እምቢ አለች፤ "ከአረፋ በኋላ። በዒድ ሆስፒታል አልተኛም።"

ግንቦት 25

እማ ሞተች። ደሴ፣ ዙህር ሳይደርስ።

ግንቦት 27

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁንም… ግን ካልጻፍኩት የማወጣበት ቦታ የለኝም።

ቅዳሜ ኩኩ "አትናገርም፣ ታስመልሳለች" ብላ ደወለች። ለአለቃዬ ሳልናገር ወጣሁ። መናኸሪያ ላይ ቅጥቅጡ ሞልቷል። ጋሼ ዘካሪያ አየኝ። "ነይ ልጄ፣ ሞተሩ ላይ ተቀመጪ።" ያንኑ ጋቢ አጥፎ አነጠፈልኝ።

ደሴ ሳንደርስ ሙቀቱ በቀሚሴ ገባ። መጀመሪያ አላስተዋልኩም፣ ልቤ እማ ጋ ነው። ከደሴ ወዲያ ግን አቃጠለኝ። ጋቢውን ነካሁት፣ ትኩስ ነው። ከጋቢው ሥር እጄን አስገባሁ፣ ቶሎ አወጣሁት።

ያኔ ገባኝ። ከኮምቦልቻ ቢስቲማ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ተሸፍኖ…

ተነስቼ ቆምኩ። "ምነው? አልተመቸሽም?" አለኝ። "ብቆም ይሻለኛል" አልኩት።

ኩኩ ደወለች፣ በመኪና ጭነዋት ወደ ደሴ እያመጧት ነው። ሐይቅ ወርጄ ጠበቅኋቸው። እማ አላወቀችኝም። ሆስፒታል ስንደርስ ለሐኪሙ ብቻ፣ ኩኩ ሳትሰማ፣ ነገርኩት። "እንደዚያ ከሞቀ ውኃ ነው የወጋችኋት" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ።

ተምር በልተሽ ነው አልኳት። እውነቷን ነበር። ምንም አልበላችም ነበር።

ጀናዛዋን ቢስቲማ ያደረሰልን ማን ነው? ጋሼ ዘካሪያ። የዕለት ሥራውን ትቶ። ጉድጓድ ቀስ ብሎ፣ ጥምዝ ቀስ ብሎ… እንዳይነቃነቅባት።

ግንቦት 28

ለቅሶው ላይ ጋሼ ዘካሪያ ከጎኔ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። "ያችን መድኃኒት እንኳን አድርሼላት ነበር" አለኝ። "እሷ ናት የምታጽናናኝ። አደራ አልበላሁም።"

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌ ነው፣ እጁ መቁጠሪያው ላይ ነው… "አላህ ይስጥልን ጋሼ" አልኩት።

የእሱ ጥፋት ምንድን ነው? ስብራት ስብራት ያልኩት እኔ ነኝ። ሙቀት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ከአፉ የወጣ አንድ ሰው ነበር፣ እሱንም ጮኼ ዝም አሰኘሁት።

ግንቦት 29

አረፋ። ቢስቲማ ነኝ። በጊዜ ደርሻለሁ።

ሰኔ 6

ኮምቦልቻ ተመልሻለሁ። ስልክ ተደወለ። "ዕቃሽ ተገኝቷል።"

ወንድምአገኘሁ ከመስኮቱ ወጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ካርቶኑ ምንም አልሆነም። እዚያው ከፈትኩት። ሦስቱም ደህና ናቸው። አንዷም አልተሰነጠቀችም። ልሰድበው እንደሆን ሲጠብቅ አየሁት።

"ስለዘገየ ይቅርታ። እናትሽ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናት" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። "ያን ቀን ስለ ሙቀት ልትነግረኝ ነበር፣ አላስጨረስኩህም። ይቅር በለኝ" አልኩት። ግራ ገባው። ረስቶታል መሰለኝ።

ሰኔ 22

ኩኩን ለማየት ተነሳሁ። ጋሼ ዘካሪያ "ነይ ከኋላዬ" ብሎ ወንበር ያዘልኝ። ቅጥቅጡ ሊወጣ ሲል አንዲት ሴት በመስኮቱ በኩል መጣች። ትንሽ ካርቶን ይዛለች።

"ጋሼ፣ የወንድሜ የስኳር መድኃኒት ነው። ቢስቲማ ይጠብቅዎታል። እንዳይሰበርብኝ፣ አደራ።"

"አብሽሪ።" ጋቢውን አጥፎ ሞተሩ ላይ አነጠፈ።

ዝም ልል ነበር። ወላሂ፣ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

"ጋሼ፣ እሱን እኔ ልያዘው።"

"ምነው? ከዚህ የተሻለ ቦታ የት አለ?"

"ሙቀት አይወድም። ሞተሩ ያበላሸዋል።"

ካርቶኑን እንደያዘ ቀረ። "ቢሞቅ ምን ይሆናል?"

"አይሠራም።"

ሰጠኝ። ወደ ፊት ዞረ፣ ግን መኪናውን አላስነሳም። ከኋላ "እንሂድ እንጂ ጋሼ!" ይላሉ።

"የእናትሽስ?" አለኝ ሳይዞር።

"የእሷ ሌላ ዓይነት ነበር" አልኩት። "የእሷ ቢሞቅም ምንም አይለው።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ። አስነሳ። ካርቶኑን ውኃ ባስነካሁት ሻሼ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩት።

ሐይቅን ስናልፍ ጋቢውን ገፋ አደረገና ባዶ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ቶሎ ያነሳል ብዬ ነበር። አላነሳም። በመስታወቱ ዓይን ለዓይን ተገናኘን። መጀመሪያ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ቢስቲማ ስንደርስ የሴትዮዋ ወንድም ቆሞ ይጠብቃል። ካርቶኑን በእጁ ሰጠሁት። "ሙቀት እንዳይነካው፣ ቀዝቃዛ ቦታ" አልኩት። ደገምኩለት። ካርቶኑን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ቀስ ብሎ ነቀነቀ።

"አልተሰበረም አይደል?" አለኝ።